የአድዋ ቁስለኛ፣ የኮተቤ ግንበኛ

መንጋጋ ቆልፍ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። መነሻው አፈር ነው። ሐኪሞች ቴታነስ የሚሉት የዚህ በሽታ ተዋሲ በከብት፣ በበግ፣ በተለይም በፈረስ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ በእበትና በፋንድያ ይወጣል፤ አየር ሲነካው ደግሞ እንደ ዘር ራሱን ሸፍኖ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። ሙቀትም ብርድም አይበግረውም፤ የፈላ ውሃ እንኳ በቀላሉ አያሸንፈውም። የሚነቃው አየር የማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ሲያገኝ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ የተዘረጋው ምድር ለዚህ ተዋሲ የሚጎድለው ነገር የለም። አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ በኩል ያላለፈ የጋማ ከብት የለም፤ ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ ወደ ከተማው የሚገባው በኮተቤ ነውና እህል የጫነው አህያም ለገበያ የተነዳው ሰንጋም እዚሁ አፈር ላይ የድርሻውን ጥሎ ሄዷል። የበሽታውን ታሪክ በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ዓለም ቴታነስን መከላከል የተማረው ከወንድ ወታደር ቁስል ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ድል ያደረገችው በእናት ክንድ በኩል፣ የሕፃኑን እትብት በመጠበቅ ነው። ሁለቱም መንገዶች በየበኩላቸው ትክክል ነበሩ። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሰው ሳይታይ ቀረ፤ ወታደር ያልሆነ፣ እናት ያልሆነ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ጎልማሳ ወንድ። እሱ መርፌውን የሚያገኘው ከቆሰለ በኋላ ነው፤ ከቆሰለ በኋላ የሚጀመር መከላከል ደግሞ፣ ታሪኩ ራሱ እንደሚያሳየው፣ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ታሪኩን ከአድዋ መጀመር ይቻላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነቱ በድል ተጠናቀቀ፤ ቁስለኛው ግን ገና ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሩስያ ቀይ መስቀል ጓድ አዲስ አበባ ደርሶ ሕክምና ጀመረ። የሩስያ ሐኪሞች ከዚያ በኋላም ለዓመታት በከተማዋ ሠርተዋል፤ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ሆስፒታሉ ዛሬ የሚገኘው በየካ ክፍለ ከተማ ነው፤ በሾላና በመገናኛ አድርጎ ወደ ኮተቤ ለሚሄድ ሰው ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። የሩስያ ሐኪሞች በ1888 ዓ.ም. ምን ማድረግ ይችሉ እንደነበር ማሰብ ጠቃሚ ነው። ቁስልን በፀረ ተዋሲያን ማጠብ ያውቃሉ፤ ሕመምተኛን አደንዝዞ ጥይት ማውጣትና የሞተ ሥጋ መቁረጥ ይችላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን የመንጋጋ ቆልፍ መከላከል የሚጀምረው ቁስልን በደንብ ከማጠብ ነው። ቁስለኛውን ከመርዙ የሚጠብቅ መርፌ ግን በሻንጣቸው መኖሩ ያጠራጥራል። ዕውቀቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ ቁስለኛ ላይ የመዋል ልማዱ ግን ገና አልተወለደም።

ዕውቀቱ እንዴት እንደተገኘ በአጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1884 በጣልያን ቱሪን ከተማ ካርሌና ራቶኔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በመንጋጋ ቆልፍ ከሞተ ሰው ቁስል መግል ወስደው ጥንቸል ወጉ፤ ጥንቸሏም ታመመች። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኒኮላየር የሰው መግል እንኳ ሳያስፈልገው ተራ አፈር በመውጋት ብቻ እንስሳት ላይ በሽታውን አመጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ በመንደራችን የሚነገረውን «የዛገ ሚስማር ነው የሚያመጣው» የሚል አባባል ይህ ሙከራ ከ130 ዓመት በላይ አስቀድሞ አፍርሶታል። ዝገት በሽታ አያመጣም። የዛገ ሚስማር የሚያስፈራው አፈር ላይ የቆየ በመሆኑና ጠባብና ጥልቅ አድርጎ ስለሚወጋ ነው፤ እንደዚህ ያለው ቁስል ደም ብዙም ሳያፈስ ይዘጋል፣ ውስጡ ግን አየር አጥቶ ይቀራል። እሾህም፣ የአጣና ስንጥርም፣ አዲስ የቆርቆሮ ምስማርም አፈር ነክተው ከሆነ ያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1889 ጃፓናዊው ኪታሳቶ በርሊን ውስጥ ተዋሲውን ለብቻው ነጥሎ አበቀለው፤ በ1890 ከቤሪንግ ጋር ሆኖ በመርዙ ጥቂት በጥቂት የተለማመደ እንስሳ ደሙ ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር እንደሚያፈራ፣ ያም ነገር ወደ ሌላ እንስሳ ቢተላለፍ እንደሚያድን አሳየ። በ1897 ደግሞ ኖካር የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ሴረሙ፣ ማለትም ያን ነገር የያዘው የደም ውሃ፣ በሽታው ከመነሳቱ በፊት ሲሰጥ እንደሚከላከል አረጋገጠ። የሩስያው ጓድ አዲስ አበባ ከገባ ገና ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ሴረሙ በብዛት የሚመረተው ከፈረስ ደም ነበር፤ በሽታውን በፋንድያው የሚዘራው እንስሳ መድኃኒቱንም በደሙ ይሰጥ ጀመር።

ሴረሙ በሰፊው የተፈተነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የፈረንሳይና የቤልጅግ ማሳ ለዘመናት በፍግ የዳበረ ስለነበር የወታደሩ ቁስል ሁሉ በዚያ ጭቃ ተበከለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1914 ከእንግሊዝ ጦር 1,000 ቁስለኞች መካከል 8 ያህሉ መንጋጋ ቆልፍ ያዛቸው። ለእያንዳንዱ ቁስለኛ ወዲያው ሴረም መውጋት ደንብ ከሆነ በኋላ ቁጥሩ በወራት ውስጥ ወደ 1 ገደማ ወረደ። ይህ ማስረጃ ከቁስል በኋላ የሚሰጥ መርፌ ሕይወት እንደሚያድን ያለጥርጥር ያሳያል፤ እኔም ይህን ለመካድ አልጻፍኩም። ነገር ግን ሴረም ብድር ነው። የሌላ እንስሳ ደም ያፈራውን መከላከያ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ተበድሮ መኖር ማለት ነው፤ ሰውነት ራሱ ምንም አይማርም። በዚያ ላይ የፈረስ ፕሮቲን ያልለመደው ሰው ሰውነቱ ሊቆጣ፣ አልፎ አልፎም ሊሞት ይችላል። ዋናው ነገር ግን ሴረሙ የሚጠቅመው ቁስለኛው ሐኪም ዘንድ ቶሎ ከደረሰ ብቻ መሆኑ ነው። በምዕራቡ ግንባር ከምሽጉ ጀርባ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በመጥረቢያ የቆሰለ የእንጦጦ እንጨት ቆራጭ ይህ ዕድል ከየት ይመጣለታል?

ብድሩን በሀብት የተካው ቶክሶይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ራሞን መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አርግቦ ጉዳቱ እንዲጠፋ፣ ሰውነት ግን እንዲያውቀው አደረገ። ይህ ክትባት ሰውነትን ያስተምረዋል፤ ትምህርቱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ፈጽሞ ያልተከተበ ሰው የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጋ በቂ መከላከያ ለማፍራት ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለተኛው ካልታከለበት በቂ አይሆንም። ከቁስሉ እስከ በሽታው መነሻ ያለው ጊዜ ደግሞ ከ3 እስከ 21 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ቀን ያህል ነው። እሽቅድምድሙን ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጦር ሠራዊቶች ከ1914 የወሰዱት ትምህርት «ቁስለኛን ቶሎ ውጋ» የሚል ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ «ሳይቆስል አስተምረው» ወደሚል ተሸጋገረ። በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ይህ ሽግግር ገና ወደ እኛ አልደረሰም ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው፤ የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይና ሌሎችም የሕክምና ጓዶች መጥተው ቁስለኛውን ሲረዱ የጣልያን አውሮፕላኖች እነሱንም አልማሯቸውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የአሜሪካ ጦር ወታደሩን ሁሉ አስቀድሞ ከተበ፤ በቁስልና በአደጋ ሆስፒታል ከገቡት ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መንጋጋ ቆልፍ የያዛቸው 12 ብቻ ሆኑ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ጥርት ያለ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህ ማስረጃ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን ሌላ መልክ ያዘ። መልኩ የተለወጠበት ምክንያትም ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ሀገሪቱ ያላት ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ጥቂት መድኃኒት፣ ጥቂት ሰው፣ ጥቂት መንገድ ያለው ሀገር ማንን እንደሚያስቀድም መምረጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም ካወጀ በኋላ ኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. የራሷን ጀመረች፤ ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከፖሊዮ፣ ከዲፍቴሪያ፣ ከትክትክና ከኩፍኝ ጋር ቴታነስ ከስድስቱ አንዱ ሆነ። ሕፃናት በተወለዱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይከተባሉ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችም ቴታነስን የሚከላከል ክትባት ያገኛሉ። ወንዶች በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የተረሱት በክፋት አይደለም፤ ሞት በብዛት የሚመጣው በሌላ በኩል ነበርና ነው።

ያ ሌላው በኩል ምን እንደነበር በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የተመረጠው ምርጫ ትክክልነት አይገባም። ቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን እትብቱ በምላጭ ወይም በቢላ ይቆረጣል፤ በክር ይታሰራል፤ እንደየአካባቢው ልማድ ቅቤ ይቀባል፤ በአንዳንድ ስፍራ እበት ወይም አመድ ይደረግበታል። ለልጁ ታስቦ የሚደረግ ነገር ነው፤ የተዋሲው በር የሚከፈተውም በዚሁ ነው። ሕፃኑ ቢያንስ ሁለት ቀን ደህና ጠብቶ በሦስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ጡት መያዝ ያቅተዋል፤ ከንፈሩ ይኮማተራል፤ ሲነኩት ይገታተራል፤ ካልታከመ መትረፉ ያጠራጥራል። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለችና ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ የክርስትና ስምም ተዝካርም የለውም፤ በሐዘን ድንኳን አይለቀስለትም፤ በመዝገብ አይገባም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ብቻ 787,000 ያህል አራስ ሕፃናት በዚህ መንገድ እንደሞቱ ይገመታል። እናት ስትከተብ ግን ደሟ ውስጥ ያለው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ በአንድ መርፌ ሁለት ነፍስ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ትርፍ የሚሰጥ ክትባት ሲኖር መጀመሪያ ለእናት መስጠት የሚያከራክር ነገር አልነበረውም።

ሥራው ግን በወረቀት እንደተጻፈ አልሄደም። ጦርነት፣ ድርቅ፣ የማቀዝቀዣ እጥረትና የመንገድ ርቀት ለረጅም ጊዜ ሽፋኑን ዝቅ አድርገውት ቆዩ። ነገሩን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፤ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ ጎረቤታቸውን በስም የሚያውቁ፣ ማን እንዳረገዘች ሳይነገራቸው የሚገነዘቡ ሴቶች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ነርሶችን የያዘ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን አዲስ አበባም ገባ። ከፍተኛ ስጋት ባለባቸው አካባቢዎች የሴቶች ክትባት ዘመቻ ተካሄደ፤ ጤና ተቋም ሄዶ መውለድ እየተለመደ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሶማሌ ክልል በስተቀር፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሶማሌ ክልልም ተጨምሮ፣ ኢትዮጵያ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ ተረጋገጠ። ታላቅ ድል ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ቅሬታም ድሉን አያሳንስም።

«እንግዲያው በሽታው ተወግዷል፣ ምን ያስጽፍሃል?» የሚል ሰው ግን የቃሉን ትርጉም አጥብቆ ይይ። ማስወገድ ማለት በእያንዳንዱ ወረዳ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት መካከል በበሽታው የሚያዘው ከ1 በታች ሆነ ማለት ነው። ስለ አናጢው፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ ድንጋይ ጠራቢው የሚለው ነገር የለም። ፈንጣጣ ሲጠፋ ከምድር ጠፋ፤ ምክንያቱም የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ነበር። ቴታነስ ግን የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው፤ አፈርን የሚከትብ የለም። ከዚህም የሚከተል ሌላ ነገር አለ። በኩፍኝ ጊዜ ጎረቤቶቹ ሁሉ የተከተቡለት ሰው ራሱ ባይከተብም የሚጠለልበት አጥር ያገኛል። በመንጋጋ ቆልፍ ጊዜ እንዲህ ያለ አጥር የለም፤ ሚስቱ ለሴቶች የሚሰጡትን አምስት ክትባቶች ጨርሳ፣ ልጆቹ የሕፃንነቱን ሦስት ወስደው፣ እሱ ብቻ ባዶውን ሊቆም ይችላል። ታሞ የዳነ ሰው እንኳ አይማርም፤ ለመግደል የሚበቃው መርዝ መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሰውነት ልብ ሳይለው ያልፋል። ስለዚህ የዳነውም መከተብ አለበት።

የዚህ ክፍተት ማስረጃ ግምት ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የወጡ የጎልማሳ ቴታነስ ጥናቶች የሚያሳዩት ተመሳሳይ ሥዕል ነው፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ብዙዎቹም በእጃቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ቁስሉ ብዙ ጊዜ እግር ላይ ነው። በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ኤችአይቪን ለመከላከል በተካሄደው የወንዶች ግርዛት ፕሮግራም ጥቂት ሰዎች በመንጋጋ ቆልፍ ሲያዙ ጉዳዩ የዓለም ጤና ድርጅትን አነቃ፤ በየሀገሩ ያለው የጎልማሳ ወንድ መከላከያ ከሴቷ በእጅጉ ዝቅ ያለ መሆኑ ያኔ አደባባይ ወጣ። በሕፃንነት የተወሰዱት ሦስት መርፌዎች የሚጠብቁት ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ማጠናከሪያ ካልተጨመረላቸው ይደክማሉ። ሴቷ ስታረግዝ ማጠናከሪያዋን ታገኛለች። ወንዱን ወደ ክትባት ክፍል የሚያስገባው ምን አጋጣሚ አለ?

አሁን ወደ ኮተቤ እንመለስ፤ የዚህ ክፍተት መልክ በደንብ የሚታየው እዚህ ነውና። የእንጦጦን ተራራ ያለበሰው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ ይህ አካባቢ የማገዶና የአጣና ምንጭ ነው። ከተራራው ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ቢያንስ በወሊድ ጊዜ የጤና ሠራተኛ ዓይን ይደርስባቸዋል፤ አጣናውን በመጥረቢያ የሚጥለው ወንድ ግን ያን ዕድል አያገኝም። ብረታ ብረት በሚለው ስሙ ሰፈሩን ያስጠራው የኮተቤ ፋብሪካ አካፋና ዶማን የመሰሉ የእጅ መሣሪያዎች ሲወጡበት የቆየ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ወዲህ በካራና በየካ አባዶ በኩል ኮንዶሚኒየም ሲገነባ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ በኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ ካባ ሲፈነዳና ድንጋይ ሲጠረብ የአካባቢው ገጽታ ተለወጠ። ያን ሁሉ የሠሩት እጆች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ጫማቸው ብዙ ጊዜ ኮንጎ ወይም ሸበጥ ነው፤ መሬቱ ላይ ሚስማር ያልተነቀለለት የፎርም ጣውላና የተቆረጠ ፌሮ ተበትኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በተግባር ግን ጥበቃው ሲታሰብ ቆብና ጓንት እንጂ ክትባት ትዝ የሚለው ጥቂት ነው።

አንድ ሠራተኛ እግሩን ሚስማር ሲወጋው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይታወቃል። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ይነሰነሳል፤ በጨርቅ ይታሰራል፤ ሥራው ይቀጥላል። ቡናው ደሙን ያቆም ይሆናል፤ ቁስሉን ደፍኖ ለተዋሲው ምቹ ማድረጉ ግን አይቀርም። ትክክለኛው ነገር ቀላል ነው፦ በሚወርድ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ ስንጥሩንና አፈሩን ማውጣት፣ ጥልቅና ቆሻሻ ቁስልን ቸኩሎ አለመስፋት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። እዚያም ባለሙያው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቁስሉ ምን ዓይነት ነው፣ ከዚህ በፊትስ ስንት ጊዜ ተከትበሃል? ሦስትና ከዚያ በላይ የተከተበ ሰው ቁስሉ ንጹሕ ከሆነ የመጨረሻው ክትባት 10 ዓመት ካለፈው፣ ቁስሉ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ይበቃዋል። ከሦስት በታች የተከተበ ወይም የማያውቅ ሰው ቁስሉ ቆሻሻ ከሆነ ክትባቱም፣ እንደ ሴረሙ ወዲያው የሚሠራው ፀረ መርዝም፣ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለነገ። «ከአምስት ዓመት በፊት ሚስማር ወግቶኝ አንድ ጊዜ ተወግቻለሁ» የሚለው መልስ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ያ አንድ መርፌ ሴረም ከነበረ ከሳምንታት በኋላ ጠፍቷል፤ ክትባት ከነበረም ያልተጨረሰ ጅማሮ ነው።

በሽታው ከተነሳ በኋላ ያለው ሕክምና ለምን አስቀድሞ መከላከልን እንደማይተካ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «ዛሬ እኮ ሆስፒታል አለ» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለምና። መርዙ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ውስጥ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይጓዛል፤ እዚያም ጡንቻ እንዲላላ የሚያዘውን መልእክት ያግዳል። መጀመሪያ አፍ መክፈት ያቅታል፤ ፊት ሳይስቅ የሳቀ ይመስላል፤ ከዚያ አንገትና ጀርባ እንደ ደጋን ይለመጣሉ፤ የበር ድምፅ ወይም ብርሃን ብቻ ሰውነቱን በሙሉ ያንዘፈዝፈዋል፤ አእምሮው ግን ንቁ ነው። ፀረ መርዙ የሚያከሽፈው ገና ነርቭ ላይ ያልተጣበቀውን መርዝ ነው፤ የተጣበቀውን የሚነቅል መድኃኒት የለም፤ ነርቩ አዲስ ጫፍ እስኪያበቅል ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሐኪም የሚያደርገው ቁስሉን ማጽዳት፣ ሜትሮኒዳዞል መስጠት፣ በዲያዜፓምና በማግኒዚየም ሰልፌት ጡንቻውን ማላላት፣ ጸጥ ያለ ጨለማ ክፍል ማዘጋጀት፣ መተንፈስ ሲያቅተው በጉሮሮው ቀዳዳ ከፍቶ ማሽን ላይ ማዋል ነው። ያ ሁሉ ተደርጎም በሀገራችን ከወጡት ጥናቶች በአብዛኛዎቹ ሲሶ ገደማው ወይም ከዚያ በላይ ይሞታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የመጀመሪያው ማከሚያ የሆነው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ለዚህ ሰፈር የመተንፈሻ ማሽን ምን ያህል ውድና ብርቅ እንደሆነ አሳይቷል። ያን ማሽን ለሳምንታት የሚይዝ አንድ የመንጋጋ ቆልፍ ታማሚ የሚያስወጣው ወጪ ስንት ሠራተኛ ያስከትብ እንደነበር ማሰላሰል ይቻላል።

የሚቀረው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እሱ ነው። ሀገሪቱ ብዙ የሚያስቀድም ችግር አላት፤ ወንዶች ጤና ጣቢያ አይሄዱም፤ አምስት ጊዜ የሚመላለስ የቀን ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ለሚሊዮኖች ልዩ ዘመቻ አድርጉ ማለትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ምክር መንገዱን ያሳጥረዋል፤ በሕፃንነት ሦስት፣ በሁለተኛው ዓመት፣ በትምህርት መጀመሪያ ዕድሜና በጉርምስና አንዳንድ ማጠናከሪያ፣ ለወንድም ለሴትም። ይህ የነገውን ግንበኛ ይጠብቃል። የዛሬውን በተመለከተ ግን «ወንዶች አይመጡም» የሚለው ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። የኮቪድ ክትባት በዘመቻ ሲሰጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶች ክንዳቸውን ሰጥተዋል። ከዚያም በላይ የግንባታ ሠራተኛው ጤና ጣቢያ የሚሄድበት አንድ ቀን አለ፤ የቆሰለ ቀን። ያ ቀን ለዛሬው ቁስል ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ለቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት ቁስሎች ግን ገና ማለዳ ነው። ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ያ ቀን እንደ መጀመሪያ ሳይሆን እንደ መጨረሻ ይቆጠራል። መርፌው ይወጋል፣ ቁስሉ ይታሸጋል፣ ሰውየው ይሰናበታል።

ለሴቷ የሚሰጣት ካርድ አምስት ክትባት የሚመዘገብበት ነው፤ ሁለተኛው ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው በየዓመቱ። ለቆሰለው ወንድም ያው ካርድ መስጠት ሕግም አዲስ ክትባትም አይጠይቅም፤ ሲሰናበት በእጁ ማስያዝ ነው። በ4 ሳምንት ውስጥ የአንድ ሕንፃ አጣና ተነቅሎ ቡድኑ ወደ ሌላ ሳይት፣ ከኮተቤ ወደ ለገጣፎ ወይም ወደ ሰንዳፋ፣ ሊዛወር ይችላል፤ ኮተቤ ላይ የወጋችው ነርስ ዳግመኛ አታየው ይሆናል። ካርዱ በኪሱ ካለ ሰንዳፋ ያለችው ከሁለተኛው ትቀጥላለች።